ሎን ቼኒ፦ የምልክት ቋንቋ ልጅና የአስፈሪ ፊልም ጥንስስ

ስለ አስፈሪ ፊልም ታሪክ የሚጻፉ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ ዘውጉን በንዑስ ዘውጎች ከፍለው ያቀርባሉ። መናፍስትና ደም መጣጮች የሚታዩባቸው ፊልሞች በአንድ ወገን፣ የሰውን ልቡና ጨለማ የሚመረምሩት በሌላ ወገን፣ የሰው አካል ሲጎድልና ሲለወጥ የሚያሳዩት ደግሞ በሦስተኛ ወገን ይመደባሉ። አከፋፈሉ ለማስተማር የተመቸ ነው። ዘውጉ ራሱ ስም ከማግኘቱ በፊት ሠርተው ላለፉ ሰዎች ሲውል ግን መልበስ ያለባቸውን ልብስ ሳይለካ እንደ መስፋት ይሆናል። ከእነዚህ ሰዎች ዋነኛው አሜሪካዊው ተዋናይ ሎን ቼኒ ነው። ዛሬ ስሙ በየትኛውም የአስፈሪ ፊልም ታሪክ መጀመሪያ ገጾች ላይ ይገኛል። ሆኖም ቼኒ የሞተው በ1930 ሲሆን፣ የዘውጉ ስም በአሜሪካ ጸንቶ የቆመው በ1931 “ድራኩላ” እና “ፍራንከንስታይን” ከታዩ በኋላ ነው። እንግዲህ የዘውጉ የመጀመሪያ ታላቅ ተዋናይ የአስፈሪ ፊልም ተዋናይ መባሉን በሕይወት ሳለ አልሰማም ማለት ይቻላል። ይህ መጣጥፍ የቼኒን የሕይወት ጉዞ እየተከተለ፣ በተመልካቹ ላይ ሊያሳድር የፈለገው ስሜት በእርግጥ ፍርሃት ነበረ ወይ የሚለውን ጥያቄ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊዮኒዳስ ፍራንክ ቼኒ ኤፕሪል 1 ቀን 1883 በኮሎራዶ ግዛት፣ በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአራት ልጆች ሁለተኛው ነበር። አባቱ ፍራንክ ቼኒ በፀጉር አስተካካይነት የሚተዳደሩ ሰው ሲሆኑ፣ እሳቸውም ሆኑ ባለቤታቸው ኤማ ኬኔዲ መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የእናቱ አባት ጆናታን ኬኔዲ በ1874 በዚያችው ከተማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የመሠረቱ ሰው ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ቼኒ በተወለደበት ዘመን የምልክት ቋንቋ በተማሩ ሰዎች ዘንድ ክብሩን እያጣ ነበር። በ1880 በሚላኖ የተሰበሰቡ የመስማት የተሳናቸው ተማሪዎች መምህራን፣ በትምህርት ቤት በአንደበት መናገር እንጂ በእጅ መነጋገር እንዳይኖር ወስነው ነበርና፣ የውሳኔው ተጽዕኖ አሜሪካም ደረሰ። በቼኒ ቤት ግን እጅና ፊት የዘወትር መነጋገሪያ ሆነው ቀጠሉ። ልጁ አፉን ከመፍታቱ ጎን ለጎን እጁንም ፈታ።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው እናቱ በከባድ የቁርጥማት ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። ልጁ ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ እሳቸውን ማስታመምና ታናናሾቹን መጠበቅ ያዘ። ከቤት መውጣት ለማይችሉት እናቱ የሰፈሩን ውሎ፣ የጎረቤቱን አረማመድ፣ የባለሱቁን ቁጣ፣ ሁሉንም በፊቱና በእጁ እያስመሰለ ያቀርብላቸው ነበር። የፊልም ኩባንያዎች ማስታወቂያ ክፍሎች ይህን ታሪክ ኋላ ላይ እጅግ እንደወደዱት ግልጽ ነው፤ የታዋቂ ሰው ልጅነት ሁልጊዜ ለማስታወቂያ እንዲመች ተደርጎ ይቀመማልና አጥኚ ጥንቃቄ ቢያደርግ መልካም ነው። ያም ሆኖ ማስረጃው በፊልሞቹ ውስጥ ይታያል። ቼኒ በተረፉት ሥራዎቹ ውስጥ ገጹ በሜካፕ ቢሸፈን፣ አካሉ ቢታሰር፣ ጣቶቹ ግን ዓረፍተ ነገር እንደሚሠሩ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። በዚያ ዘመን እንደ ነበሩት ብዙ ተዋናዮች እጁን ወደ ሰማይ አይወረውርም፤ ትንሽ ይላል፣ ነገር ግን በትክክል ይላል።

ከዚያ በኋላ ያለው የወጣትነት ዘመኑ የመድረክ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እንግልት ነው። በከተማው ቴአትር ቤት ዕቃ ተሸካሚና መድረክ አዘጋጅ ሆኖ ጀመረ፤ ከዚያም ከከተማ ከተማ ከሚዞሩ የሙዚቃና የኮሜዲ ቡድኖች ጋር ተሰለፈ። በ1905 ክሌቫ ክሬይተን የተባለች ወጣት ዘፋኝ አገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ልጃቸው ክሬይተን ተወለደ። ትዳሩ ግን ጭቅጭቅ የበዛበት ነበር። በኤፕሪል 1913 ክሌቫ በሎስ አንጀለስ ማጀስቲክ ቴአትር ቤት፣ ባሏ በሚሠራበት መድረክ ጎን ሆና የሜርኩሪ መርዝ ጠጣች። ሕይወቷ ቢተርፍም ጉሮሮዋ ተቃጥሎ የዘፋኝነት ሕይወቷ በዚያው አበቃ። ፍቺ ተከተለ፤ የመድረኩ ዓለም ወሬውን ይዞ ቼኒን ገፋው፤ እሱም በወቅቱ ከቴአትር ያነሰ ተደርጎ ወደሚታየው የፊልም ሥራ ፊቱን አዞረ። በ1915 ሄዘል ሄስቲንግስን አግብቶ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ የቆየውን ልጁን ወደ ቤቱ መለሰ።

ዩኒቨርሳል በተባለው ኩባንያ በትናንሽ ሚናዎች የቆየባቸው ዓመታት የሙያው ትምህርት ቤት ሆኑለት። በዚያን ጊዜ ተዋናዩ የራሱን ገጽ ራሱ የሚያሰናዳ በመሆኑ፣ ዛሬ ቻይናዊ፣ ነገ ሽማግሌ፣ ከነገ ወዲያ ወንበዴ መሆን የሚችል ሰው የዕለት እንጀራ አያጣም ነበር። ቼኒ ቅባታማ ቀለሞቹን፣ ጥጡን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹንና ፀጉሮቹን በአንድ ሳጥን ውስጥ ይዞ ይንቀሳቀስ ጀመር። በሌላ ዘር ሰው ገጽ መተወን በዘመኑ እንደ ነውር አለመታየቱ ዛሬ ፊልሞቹን ለሚያይ ሰው የሚቆረቁር ነገር ነው፤ በዚህ ረገድ ቼኒ ከዘመኑ የተሻለ አልነበረም።

ስሙን ያስጠራው በ1919 የወጣው “ተአምረኛው ሰው” ነው። በዚህ ፊልም ቼኒ የሚጫወተው “እንቁራሪቱ” የተባለ አጭበርባሪ ነው። ይህ ሰው ሽባ መስሎ መሬት ላይ እየተጎተተ፣ ወደ አንድ ፈዋሽ ሽማግሌ ሲደርስ አካሉን እያፍታታ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሕዝቡም ተአምር አየሁ ይላል። ወዲያው ግን ያልታሰበው ይሆናል፤ ሐሰተኛውን ፈውስ ያየ እውነተኛ ሽባ ልጅ ምርኩዙን ጥሎ ይራመዳል። ፊልሙ በአብዛኛው ጠፍቷል፤ በዕድል ከተረፉት ቁርጥራጮች መካከል ግን ይህ ትዕይንት ይገኛል። የማስመሰልና የእውነት ወሰን በአንድ አካል ላይ መደባለቁ ከዚህ በኋላ የቼኒ ሥራ ሁሉ የሚመላለስበት ጉዳይ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት በ“ቅጣቱ” ብሊዛርድ የተባለ የወንበዴዎች አለቃ ሆኖ ተጫወተ። ብሊዛርድ በልጅነቱ አደጋ ደርሶበት፣ አንድ ልምድ የሌለው ሐኪም ሁለት እግሮቹን ያለ አስፈላጊ ምክንያት የቆረጠበት ሰው ነው። ልጁ የስሕተቱን ወሬ በጆሮው ሰምቷል፤ ለቤተሰቡ ቢናገር ግን የሚያምነው አጣ። ቼኒ ለዚህ ሚና እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ በማሰሪያ አስሮ፣ በጉልበቱ ላይ በተሠራ የቆዳ ጫማ እየቆመ ይራመድ፣ ይዘል፣ መሰላል ይወጣ ነበር። ሕመሙ የሚያስችለው ለአጭር ጊዜ ብቻ በመሆኑ ቀረጻው በየመካከሉ ይቋረጥ ነበር። ፊልሙ የታየው አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። በአውሮፓም በአሜሪካም እግርና ክንዳቸውን፣ አንዳንዶቹም ፊታቸውን ያጡ ወጣቶች በየጎዳናው ይታዩ ነበር፤ በፊልም ቤቱ ጨለማ የተቀመጠው ተመልካች ከመጋረጃው ላይ የሚያየው ጉዳት ከቤቱ ደጃፍ የማያውቀው አልነበረም።

በ1923 ዩኒቨርሳል “የኖትር ዳሙ ጎባጣ”ን ሲሠራ የቪክቶር ሁጎን ደወል ደዋይ ካሲሞዶን የተጫወተው ቼኒ ነው። የማስታወቂያ ሰዎች ስለ ጉብታው ክብደት ያጋነኑትን ያህል ስለ ሌላው ነገር አልተናገሩም፤ እሱም ካሲሞዶ መስማት የተሳነው መሆኑ ነው። በሁጎ ልቦለድ ጆሮውን ያደነቆሩት የሚወዳቸው ደወሎች ናቸው። የመስማት የተሳናቸው ወላጆች ልጅ ይህን ሰው ሲጫወት ከሌላው ተዋናይ የተለየ ነገር እንደሚያውቅ ያስታውቃል። በተለይ ካሲሞዶ በአደባባይ ታስሮ የሚገረፍበትን ትዕይንት ማየት ይበቃል። ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦ ይስቃል፤ እሱ የሚሉትን አይሰማም፤ ነገር ግን ዐይኖቹ ከአፍ ወደ አፍ እየተዘዋወሩ ከከንፈር እንቅስቃሴ ትርጉም ይፈልጋሉ። ኤስሜራልዳ ውኃ ስታመጣለት በመጀመሪያ የሚሸሸው ሌላ ምት የመጣ መስሎት ነው። ከዚያ ይጠጣል። ሳይሰሙ በሰው መካከል መኖር ምን እንደሚመስል ይህን ያህል በቅርብ የሚያውቅ ተዋናይ በዚያ ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ብዙ የነበረ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ በአማርኛ ቃላት ማሰብ ጠቃሚ ይሆናል። ቋንቋችን ፍርሃትን፣ ድንጋጤን፣ መዘግነንንና ሰቀቀንን አይቀላቅልም። ፍርሃት ለራስ ነው፤ ድንጋጤ የቅጽበት ነው፤ ዘግናኝ የምንለው ዐይናችንን የሚያስጨፍነንን ነው። ሰቀቀን ግን በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን እያዩ፣ ሊደርሱለት ሳይችሉ፣ ዐይንንም ሊያነሡ ሳይችሉ መቆየት ነው። በኔ ግምት የቼኒ ፊልሞች ዋና ስሜት ይህ ሰቀቀን ነው። የንዑስ ዘውጎቹ ሰሌዳ ፍርሃትንና መዘግነንን በሚገባ ይመዘግባል፤ ለሰቀቀን ግን ዓምድ የለውም። ስለዚህም የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች “የኖትር ዳሙ ጎባጣ”ን አንድ ጊዜ ከአስፈሪ ፊልሞች ጋር፣ ሌላ ጊዜ ከታሪካዊ ድራማዎች ጋር ሲያስቀምጡት እናገኛለን።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለፍርሃት እጅግ የሚቀርበው በ1925 የወጣው “የኦፔራው መንፈስ” ነው። ለዚህ ፊልም ዩኒቨርሳል የፓሪስ ኦፔራ ቤትን ውስጣዊ ክፍል በስቱዲዮው ውስጥ አስገንብቶ ነበር፤ ሕንፃው እስከ 2014 ድረስ ሳይፈርስ ቆይቷል። ቼኒ የኤሪክን ገጽ የሠራው በራሱ እጅ ነው። ጉንጮቹን በጥጥና ኮሎዲዮን በሚባል ሲደርቅ በሚጣበቅ ፈሳሽ ከፍ አደረገ፤ አፍንጫውን ወደ ላይ ስቦ ቀዳዳዎቹን በጥቁር ቀለም አሰፋ፤ የዐይኑን ዙሪያ አጠቆረ፤ ጥርሱን አገጠጠ። ኩባንያው ፊልሙ እስኪታይ ድረስ የዚህን ገጽ ፎቶግራፍ ለጋዜጦች አልሰጠም። ዝነኛው ትዕይንት ክርስቲን ኦርጋን በሚጫወተው ኤሪክ ጀርባ ቀርባ ጭምብሉን የምትገፍበት ነው። የትዕይንቱ አቀማመጥ ትኩረት ይሻል፤ ኤሪክ ፊቱን ወደ ካሜራው ስላደረገ፣ ያንን ፊት ከእርሷ አስቀድሞ የሚያየው ተመልካቹ ነው። ከዚያ ዘወር ሲል እርሷ ታያለች። በመጀመሪያው ቅጽበት የምናየው ሰው ገና ማንንም አላስፈራም፤ ገመናው የተገለጠበት፣ አፉን ከፍቶ የቀረ ሰው ነው። በሁለተኛው ቅጽበት ነው የቁጣ ጭራቅ የሚሆነው። ዘውጉ ሁለተኛውን ቅጽበት ወርሶ የመጀመሪያውን ረስቷል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚያው ዓመት ቼኒ ከሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ ጋር ጸንቶ ተዋዋለ። ከዳይሬክተር ቶድ ብራውኒንግ ጋር የነበረው ሽርክና የበረታውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ሁለቱ በጠቅላላው አሥር ፊልሞች አብረው ሠርተዋል። ብራውኒንግ በወጣትነቱ ከተዘዋዋሪ ትርኢቶች ጋር የኖረ ሰው ነበርና፣ ሰው በአካሉ ጉድለት እንጀራ የሚበላበትን ዓለም ከውስጥ ያውቀዋል። ከአሥሩ ፊልሞች በጣም የሚረብሸው የ1927ቱ “ያልታወቀው” ነው።

አሎንዞ በሰርከስ ውስጥ በእግሩ ቢላዋ የሚወረውር ክንድ አልባ ሰው ነው፤ በእውነት ግን ክንዶቹን በጠባብ ልብስ ውስጥ አስሮ የሚደብቅ ወንጀለኛ ነው። በአንድ እጁ ላይ ሁለት አውራ ጣት ስላለው፣ እጁ ከታየ ማንነቱ ይጋለጣል። የሰርከሱን ባለቤት ልጅ ናኖንን ይወዳል። ይህችን ሴት የተጫወተችው ገና ወጣት የነበረችው ጆን ክሮፎርድ ናት። ናኖን የወንድ እጅ ሲነካት ሰውነቷ የሚሸማቀቅ በመሆኗ፣ የምትቀርበው ይህን ክንድ የለውም የተባለ ሰው ብቻ ነው። አሎንዞ አባቷን ሲገድል እሷ የገዳዩን ፊት ሳታይ ሁለቱን አውራ ጣቶች ታያለች። ከዚህ በኋላ እሷን ለማግኘት አንድ መንገድ ብቻ ቀረው፤ አንድን ሐኪም አስገድዶ ሁለት ክንዶቹን አስቆረጠ። አገግሞ ሲመለስ ናኖን ፍርሃቷ ለቋት፣ የሰርከሱን ጉልበተኛ ልታገባ በደስታ ትነግረዋለች። ቼኒ በዚህ ቦታ ይስቃል፤ ሳቁ ሳይቋረጥ ወደ ልቅሶ፣ ልቅሶውም ተመልሶ ወደ ሳቅ ይለወጣል። በእጆቹ ሲናገር የኖረው ተዋናይ እዚህ ያለ እጅ ቀርቷል፤ ሁሉን ነገር በፊቱ ብቻ ይላል። በእግር የሚከናወኑትን ረቂቅ ሥራዎች በእውነት ክንድ ያልነበረው ሌላ ሰው በምትኩ እንደሠራለት ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የዚያ ሰው እግሮች እንጂ ፊቱ ለመጋረጃው አልበቃም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ይመራል። ቼኒ የተጎዳን አካል በክብር አሳይቷል ወይስ የተጎዳን አካል የክፋት ምልክት አድርጎ አስለምዷል? የአካል ጉዳትን በሥነ ጥበብ የሚያጠኑ ምሁራን ሁለተኛውን ወቀሳ ደጋግመው ሰንዝረዋል፤ ወቀሳውም ቀላል አይደለም። ብሊዛርድና አሎንዞ ወንጀለኞች ናቸው፤ ፊልሞቹም መጨረሻ ላይ በሞት ይቀጧቸዋል። የኔ አስተያየት ፊልሞቹ የሚፈርዱትና ተዋናዩ የሚያደርገው የተለያየ ነው የሚል ነው። ታሪኩ ሰውዬውን ሲኮንን፣ የቼኒ ገጽ ምስክርነቱን ለተከሳሹ ይሰጣል። ይህ ቅራኔ ግን ወቀሳውን ያለዝበዋል እንጂ አያስቀረውም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በጀርመን በ1922 “ኖስፌራቱ” ያለ ምንም ማስተባበያ ደም መጣጭ ፍጡር ሲያሳይ፣ የአሜሪካ ፊልሞች ከሰው በላይ የሆነን ኃይል እንደ እውነት ማቅረብ ያፍሩ ነበር። ቼኒ በ1927 በ“ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ” ረጅም ባርኔጣ ያደረገና ጥርሱ የሾለ ደም መጣጭ ሆኖ ቢታይም፣ መጨረሻ ላይ ይህ ሁሉ የአንድ መርማሪ ፖሊስ ማስመሰያ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ፊልም የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1965 በኩባንያው መጋዘን በተነሣ እሳት ጠፍቷል። ቼኒ ከሠራቸው ከ150 በላይ ፊልሞችም የሚበዙት ዛሬ የሉም።

በዚህ መካከል የድምፅ ፊልም መጣ። ከ1927 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ተራ በተራ ወደ አዲሱ ሥራ ሲገቡ ቼኒ ከዘገዩት ታላላቅ ተዋናዮች አንዱ ሆነ። በ1929 ለኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ሜካፕ ጽሑፍ እስከማበርከት የደረሰ የሙያው ሊቅ ቢሆንም፣ ስለ ድምፅ የነበረው ጥርጣሬ አልተወውም። ጥርጣሬው በሙያ ስጋት ብቻ ሊገለጽ አይችልም። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ድምፅ አልባው ዘመን ከሌላው ተመልካች እኩል ተቀምጠው ፊልም ያዩበት ዘመን ነበር፤ ንግግሩ በትዕይንቶቹ መካከል በጽሑፍ ይቀርብላቸው ነበርና። ድምፅ ሲመጣ ጽሑፉ ቀረ፤ እነሱም ከአዳራሹ በር ውጭ ቀሩ። የአሜሪካ መንግሥት ለእነሱ ጽሑፍ የተጨመረባቸው ፊልሞች እንዲዘጋጁ በሕግ የደነገገው በ1958 ነው።

ቼኒ በመጨረሻ እሺ ብሎ በ1930 ከአምስት ዓመት በፊት በድምፅ አልባነት የሠራውን “ሦስቱ እርኩሳን” በድምፅ ደገመው። በፊልሙ የሚሰሙት አምስት የተለያዩ ድምፆች፣ የአሮጊቷና የበቀቀኑ ሳይቀሩ፣ የራሱ መሆናቸውን በቃለ መሐላ ፈርሞ አረጋገጠ። ሺህ ገጽ አለው የተባለው ሰው ሺህ ድምፅም ሊኖረው እንደሚችል ታየ። ነገር ግን የሳንባ ካንሰር ይዞት ነበር። ፊልሙ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉሮሮው ደማ፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚተርኩት በመጨረሻዎቹ ቀናት መናገር ተስኖት ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባው በልጅነቱ የእጅ ቋንቋ ነበር። ኦገስት 26 ቀን 1930፣ በ47 ዓመቱ ዐረፈ። በ1926 በአንድ ፊልም የማሪን ጦር ሻምበል ባሻ ሆኖ በመጫወቱ የጦሩ የክብር አባል ተደርጎ ስለነበር፣ ማሪኖች በቀብሩ የክብር ዘብ ቆሙ። በግሌንዴል የሚገኘው መቃብሩ ስም አልተጻፈበትም።

በሚቀጥለው ዓመት ብራውኒንግ “ድራኩላ”ን ከቤላ ሉጎሲ ጋር ሠራ። የአሜሪካ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ደም መጣጩን ያለ ማስተባበያ፣ እንደ እውነት አቀረበ፤ ገበያውም ደራ። የዘውጉ ስምም፣ ንዑስ ዘውጎቹም ከዚህ ጀምረው መቆጠር ያዙ። ብራውኒንግ ግን በ1932 ወደ ቀድሞው ጉዳዩ ተመልሶ፣ በእውነት የአካል ጉዳት ያለባቸውን የሰርከስ ሰዎች ራሳቸውን ያሰለፈበትን “ፍሪክስ”ን ሠራ፤ ፊልሙም ተወገዘ፣ ተቆራረጠ፣ በብሪታኒያም ለሠላሳ ዓመት ያህል ታገደ። የቼኒ ሜካፕ በመሃል በማይኖርበት ጊዜ ተመልካቹ ያንኑ አካል ሊያይ አልፈቀደም።

ልጁ ክሬይተን አባቱ በሕይወት ሳለ ተዋናይ አልሆነም። በኋላ በፊልም ኩባንያዎች ግፊት ስሙን ሎን ቼኒ ትንሹ ብሎ ለወጠ፤ በ1941ም “ተኩላው ሰው” ሆኖ ስመ ጥር ሆነ። አንድ ሚና ሲሰጠው እንደ አባቱ ገጹን ራሱ ሊሠራ ጠይቆ ነበር፤ የሙያ ማኅበራት ደንብ ግን አልፈቀደለትም። የተኩላውን ፊት የሠራለት ጃክ ፒርስ የተባለ ባለሙያ ነው። የአባቱ የሜካፕ ሳጥን ዛሬ በሎስ አንጀለስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።